«ስንት ይሮጥልሃል?» የጥይት ፍጥነት ሲመረጥ የማያቸው ስህተቶች

የእህቴ ልጅ ያለው ኦሃዮ ነው። እዚያ ሲመሽ እዚህ ባሕር ዳር ሊነጋጋ ነው። ባለፈው ሳምንት ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ደወለ። ክፉ ወሬ የመጣ መስሎኝ ከአልጋዬ ዘለልኩ።

«ጋሼ፣ 3,000 ገባሁ!» አለኝ።

የት ነው የገባኸው ልለው ስል ነገሩ ገባኝ። የጥይቱ ፍጥነት በሰከንድ 3,000 ጫማ ደርሷል፤ 914 ሜትር ገደማ ማለት ነው። «ኢላማው ላይስ?» አልኩት። ዝም አለ።

ይህን ዝምታ አውቀዋለሁ። አሜሪካ በኖርኩባቸው ዓመታት ቅዳሜና እሁዴን የበላው የረጅም ርቀት ኢላማ ተኩስ ነው። ጣና ዳር ተወልጄ፣ በሆዴ ተኝቼ መተኮስ የተማርኩት ኤሪ ሐይቅ ዳር፣ ካምፕ ፔሪ ሜዳ ላይ ነው። ወደ አገሬ ስመለስ ጠመንጃውንም፣ ጥይት መሙያውንም እዚያው ትቼ መጣሁ። እዚህ እንዲህ ያለ ስፖርት የለም። ቤት ቁጭ ብሎ ባሩድ መመዘንም የሚሞከር ነገር አይደለም። የምጽፈው እዚያ በፈቃድና በክለብ ለጀመራችሁ ልጆች ነው። ደግሞም ሌሊት እንድተኛ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ፦ ተወዳዳሪዎቹ ጥይታቸውን ራሳቸው ይሞላሉ። የተተኮሰውን ቀለህ ያጸዳሉ፣ ባሩድ ይመዝናሉ፣ አረሩን ይተክላሉ። ከዚያ እስከ 1,000 ያርድ ድረስ ይተኩሳሉ። 1,000 ያርድም በአጋጣሚ 914 ሜትር ነው። የእህቴ ልጅ ጥይት ፍጥነቷን ባትቀንስ በአንድ ሰከንድ ትደርስ ነበር። ግን አየር ይበላታል። አንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ይፈጅባታል።

ትልቁን ቁጥር ማሳደድ

ሌላው ጥፋት ብዙው ከዚህ ነው የሚወለደው። ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ይሮጥልሃል?» ነው። አንዱ 2,900 ይላል፣ ሌላው 2,950፣ ሌላው 3,000። ጨረታ ይመስላል። ኢላማው ግን ጨረታው ላይ አልተገኘም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በ.308 ጠመንጃ (.308 የጥይቱ ዓይነት ስም ነው) 155 ግሬን፣ ማለትም 10 ግራም ገደማ የሚመዝን አረር ትተኩሳላችሁ እንበል። ፍጥነቱ ላይ 100 ጫማ ብትጨምሩ፣ 1,000 ያርድ ላይ፣ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ ጥይቷን ከሚገፋት ላይ የምታተርፉት ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ክፉ አይደለም። ነገር ግን ያንኑ ነፋስ በሰዓት በአንድ ማይል ብቻ አሳስታችሁ ብትገምቱት፣ ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ሄደ። ነፋስ ያልለየ ሰው በባሩድ አይካስም።

ለዚያች 12 ሳንቲ ሜትር የሚከፈለውን ደግሞ እዩት። በርሜሉ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ከቀለሁ ቂጥ ያለችው፣ ባሩዱን የምታቀጣጥለው ካፕሱል መቀመጫዋ ይሰፋና በሦስተኛ በአራተኛ ሙሌት ላላ ትላለች። ቀለህ ደግሞ ርካሽ አይደለም። በርሜሉም ይቃጠላል። 6.5-284 የሚባለውን ፈጣን ጥይት የሚተኩሱ ሰዎች ከ1,000 ጥይት ብዙም ሳይርቁ በርሜል ሲቀይሩ አይቻለሁ። .308ን በልክ የያዘ ሰው ግን በአንድ በርሜል ብዙ ሺህ ይተኩሳል። አንድ ሰውዬ መቀባበያው እየጠበቀበት በእንጨት መዶሻ እየመታ ሲከፍት አጠገቡ ተኝቼ ነበር። «ፍጥነቱ ግን አሪፍ ነው» አለኝ። ተነስቼ ቦታ ቀየርኩ።

የጥይት መሙያ መመሪያው ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ የባሩድ ልክ ማለፍን በተመለከተ የምለው የለኝም። አታልፉትም። ከታች ትጀምራላችሁ፣ መቀባበያው ሲከብድ ወይም ቀለሁ ላይ የሚያብለጨልጭ ጠባሳ ሲወጣ ትመለሳላችሁ።

ታዲያ ምን እንፈልግ? መመሳሰልን። በአንዱና በሌላው ጥይት መካከል በሰከንድ የ30 ጫማ የፍጥነት ልዩነት ካለ፣ 1,000 ያርድ ላይ ከላይ እስከ ታች 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ኤፍ ክላስ በሚባለው፣ ጠመንጃው ድጋፍ ላይ ተቀምጦ በሚተኮስበት ውድድር አሥር ነጥብ የምታሰጠው ክብ ስፋቷ 25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ናት። ነፋሱን ገና ሳትነኩት ክቧን ጨረሳችኋት። 2,900 ላይ ተሰብስቦ የሚሮጥልኝን ጥይት፣ 3,000 ላይ ከሚበተነው ጋር አልለውጠውም።

አምስት ተኩሶ መፍረድ

ይህ ደግሞ የተማሩት ልጆች በሽታ ነው። ፍጥነት መለኪያው ራዳር ሆኗል፣ ስልክ ላይ ግራፍ ይስላል። አምስት ይተኩሱና «ስታንዳርድ ዴቪዬሽኔ 8 ነው» ብለው ፎቶ ይልካሉ። የጥይቶቹ ፍጥነት ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቅ የሚናገር ቁጥር ነው። በአምስት ጥይት 8 ከወጣ፣ እውነተኛው ከ5 እስከ 23 የትም ሊሆን ይችላል። ይህ የስታቲስቲክስ ሕግ ነው፣ የእኔ ቂም አይደለም። ሃያ ብትተኩሱ ከ6 እስከ 12 ይጠባል። ያኔ እንነጋገራለን።

ሌላም አለ። በየባሩዱ ደረጃ ሦስት ሦስት ይተኩሳሉ። ባሩድ ተጨምሮ ፍጥነቱ ያልጨመረበትን ቦታ ሲያዩ «እዚህ ጋ ሜዳ አለ» ይላሉ። በማግስቱ ሲደገም ብዙ ጊዜ ሜዳው የለም። አልስቅባችሁም። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክዬ ኖሬያለሁ።

ሙቀትን መርሳት

ይህኛው የራሴ ነው። ጥይቱን የሞላሁት በየካቲት፣ ውጭው በረዶ ሆኖ ነው። ልኩንም ያወጣሁት በዚያው ብርድ። ውድድሩ ሐምሌ ላይ ነበር። እኛ ጋ ሐምሌ ጭቃና ጋቢ ነው፤ እዚያ ግን የሚጠብስ በጋ ነው። ሣጥኑን መኪናው ኋላ ፀሐይ ላይ ትቼው ቡና ስጠጣ ቆየሁ። ሦስተኛዋን ስተኩስ መቀባበያው አልከፈት አለኝ። ብዙ ዓይነት ባሩድ ሲሞቅ ግፊቱም ፍጥነቱም ይጨምራል፤ በብርድ ልኩ ጫፍ ላይ የነበረ ጥይት በሙቀት ጫፉን ያልፋል። ዳኛው መጥቶ ቀለሁን አየና «ለዛሬ ይበቃሃል» አለኝ። አምስት ሰዓት መንገድ ነድቼ ሦስት ጥይት ተኩሼ ተመለስኩ።

ስለዚህ ሣጥኑን ጥላ ሥር አድርጉ። የጋለ በርሜል ውስጥ ጥይት ከትታችሁ ነፋሱ እስኪመቻች አትጠብቁ። ጥይቷ እዚያው ትበስላለች።

የጓደኛን ልክ መገልበጥ

የሰው ወርቅ አያደምቅ። የእሱ በርሜል 30 ኢንች ነው፣ የእናንተ 26። በዚያ ብቻ 80፣ 100 ጫማ ልዩነት አለ። ቀለሁም ይለያያል፤ የወታደር ቀለህ ግድግዳው ብዙ ጊዜ ወፍራም ነው፣ ውስጡ ይጠባል፣ በዚያው ባሩድ ግፊቱ ከፍ ይላል። ያው ስም ያለው ባሩድ እንኳ ከአንዱ ምርት ወደ ሌላው ሲሄድ ይለዋወጣል። አዲስ ቆርቆሮ ስትከፍቱ እንደገና ከታች ጀምሩ።

የድምፅን ድንበር አለማሰብ

ፍጥነትን ስሰድብ ቆየሁ፤ አሁን ትንሽ ልካሰው። ዝቅተኛ ልክ አለው። አረሩ ኢላማው ጋ ሲደርስ ከድምፅ ፍጥነት በደንብ በላይ መሆን አለበት። ከድምፅ ፍጥነት 1.2 እጥፍ ገደማ ጀምሮ ወደ ታች ሲወርድ አንዳንዱ አረር ይንገዳገዳል። ፓልማ የሚባለውን ውድድር የሚተኩሱ ሰዎች ያን የሚያህል ረጅም በርሜል የሚሸከሙት አምሯቸው አይደለም። በ155 ግሬን አረር 1,000 ያርድን ከድምፅ በላይ ሆነው ለመጨረስ ነው።

እዚህ ላይ ከፍታ ይገባል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ጠለል አየር ከ15 በመቶ በላይ የሳሳ ነው። በሳሳ አየር አረር ፍጥነቱን ቶሎ አይጥልም። አንድ ወዳጄ ልኩን ያወጣው ከባሕር ዳርም ከፍ በምትለው ራቶን፣ ኒው ሜክሲኮ ነበር። በ168 ግሬን አረር ቆንጆ ይመታ ነበር። ያንኑ ይዞ ወደ ካምፕ ፔሪ መጣ። እዚያ ከባሕር ጠለል 200 ሜትር እንኳ አይሞላም። ወረቀቱ ሲመጣ ቀዳዳዎቹ ክብ አይደሉም፣ ሞላላ ናቸው። አረሩ በጎኑ ነው የገባው። ግማሹን ደግሞ ከነጭራሹ አላገኘነውም።

መለኪያውን ብቻ ማመን

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ወረቀቱ ዛሬ ስክሪን ሆኗል። በፍጥነት እጅግ የሚመሳሰል ሙሌት 1,000 ያርድ ላይ ሁልጊዜ አንደኛ አይወጣም። ጥይት ሲተኮስ በርሜሉ ይርገበገባል። ቀርፋፋዋ ጥይት ዘግይታ ስትወጣ አፈሙዙ ትንሽ ቀና ብሎ ከጠበቃት፣ ዝቅ ማለት የነበረባት ከፈጣኗ እኩል ትደርሳለች። የእንግሊዞቹ ሊ ኤንፊልድ ጠመንጃ በሩቅ ርቀት በዚህ ጠባዩ ይታወቅ ነበር። የመጨረሻውን ምርጫ ኢላማው ላይ፣ በምትወዳደሩበት ርቀት፣ ከላይ እስከ ታች ያለውን ቁመት አይታችሁ አድርጉት።

የቀሩት ትንንሾች ናቸው። ማራገቢያ ሥር ሚዛን አታስቀምጡ። አዲስ በርሜል የመጀመሪያዎቹን 100፣ 200 ጥይት እስኪተኩስ ፍጥነቱ ከፍ ይላል፣ ቶሎ ልክ አታውጡለት። በርሜል ላይ የሚታሰር መለኪያ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ እሱ ታስሮ የመታችሁበት ቦታና ሲፈታ የምትመቱበት አንድ አይደለም።

የእህቴ ልጅ ትናንት ደግሞ ደወለ። አሁንም በ11 ሰዓት። ወደ 2,880 ወርዷል፣ ሃያ ጥይት ተኩሷል፣ ቁመቱ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። ደስ አለኝ፣ አልደበቅኩትም።

«ነፋሱስ?» አልኩት።

«እሱን ገና ነኝ ጋሼ።»

በመስኮት ሳይ ታንኳ ቀዛፊዎቹ ሐይቁ ላይ ወጥተዋል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሳይነሳባቸው እንጨታቸውን ሊያደርሱ ነው። ስለነሱ ልነግረው ስጀምር ኔትወርኩ ተቆረጠ።