ከደጅ አልፎ መግባት፦ በክርስትና እንዴት እንረካለን? ለሌላውስ እንዴት እናሳያለን?

ጠዋት ባሕር ዳር ቅዱስ ጊዮርጊስ ደጅ ቆም ብላችሁ ተመልከቱ። ባጃጅ ውስጥ ያለው ተሳፋሪ ያማትባል። ቢሮ የረፈደበት ሰው አጥሩን ተሳልሞ ይሮጣል። ተማሪዋ ነጠላዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ትለብሳለች፣ ደጁን ትስማለች፣ መልሳ ታጥፈዋለች። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ማንም ሊንቀው አይገባም። ግን ብዙዎቻችን ዕድሜ ልካችንን እዚያው ደጅ ላይ ቀርተናል። «ከቤተ ክርስቲያን አልጠፋም፤ ውስጤ ግን ባዶ ነው» የሚል ሰው በየቦታው አለ። እኔ እንደማስበው ይህ ሰው እምነት አላጣም። ወደ ማዕዱ አልቀረበም እንጂ።

ስለዚህ እምነታችንን ለሌላ ሰው ስለማካፈል ከማውራታችን በፊት ከራሳችን እንጀምር። የምጽፈው በተዋሕዶ ሥርዓት ነው።

በትንሽ ጸሎት ጀምሩ

ቤተ ክርስቲያናችን በቀን ሰባት የጸሎት ጊዜ ሠርታለች፤ ከነግህ ጀምሮ እስከ መንፈቀ ሌሊት። ሥራና ልጅ ያለው ሰው ሰባቱንም ልያዝ ብሎ ከተነሣ በሳምንቱ ይደክማል፤ ከዚያ አንዱንም ይተዋል። በሁለት ጀምሩ፦ ስትነሡና ከመተኛታችሁ በፊት። ዳዊትም እንዲሁ ነው። የሰኞ ድርሻ ከመዝሙር 1 እስከ 30 ነው፤ ለጀማሪ ይከብዳል። በቀን አንድ መዝሙር ይበቃችኋል፤ ግን የምትሉት እንዲገባችሁ በአማርኛ ይሁን። ግእዙ ቀስ ብሎ ይመጣል። ረቡዕና ዓርብን ደግሞ ጹሙ።

የንስሐ አባት ያዙ፣ ከዚያ ቁረቡ

ዋናው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚቆመውም እዚሁ ነው። የንስሐ አባት ከሌላችሁ በአጥቢያችሁ ከቅዳሴ በኋላ አንዱን ቄስ ቀርባችሁ «አባ፣ የንስሐ ልጅ ይቀበሉኛል?» በሉ። ከዚህ የተለየ ሥነ ሥርዓት የለውም። ያላችሁም ቢሆን በዓመት አንዴ ለጠበል ጠዲቅ ብቻ የሚመጡ ከሆነ፣ እስቲ እናንተው ደውሉላቸው። ተቀመጡና ሁሉንም ንገሯቸው። የሚሰጧችሁን ቀኖና፣ ስግደትም ይሁን ጾም ወይም ምጽዋት፣ ሳትዘገዩ ፈጽሙ።

ከዚያ ሥጋ ወደሙን ተቀበሉ። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ሲጠመቁ በዚያው ዕለት ይቆርባሉ። ጥቂት ዓመታት በእናታቸው ጀርባ ሆነው ይቀጥላሉ። ጉርምስና ሲመጣ ይቀራል። ተመልሰው የሚመጡት ጸጉራቸው ሲሸብት ነው። በመካከሉ ያለው ዘመን፣ ፈተናው የሚበረታበት፣ ትዳር የሚያዝበት፣ ልጅ የሚያድግበት ዘመን ሁሉ ያለ ቁርባን ያልፋል። ይህ ልቤን ያሳዝነኛል።

ምክንያቱ ሁሌም አንድ ነው፦ «ወጣት ነኝ፤ ቆርቤ ብወድቅስ?» ግን ጌታ ራሱ ሐኪም የሚያስፈልገው ለሕመምተኛ ነው ብሏል። የሚወድቅ ሰው ንስሐ ገብቶ ይነሣል፤ ለዚህ ነው የንስሐ አባት የያዝነው። ባለትዳሮች አብራችሁ ተነጋገሩበት፣ አብራችሁም ቅረቡ። በዋዜማው ከመቼ ጀምሮ እንደምትጾሙ ንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ ሥርዓቱ ከመቁረብ በፊት 18 ሰዓት መጾም ነው። ለቅዳሴው ከመጀመሪያው ድረሱ።

አንድ ሰሞን ገዳም ሂዱ

ጣና ዳር የሚኖር ሰው ይህን ዕድል ማባከን የለበትም። ዘጌ በጀልባ ቅርብ ነው። ደብረ ማርያም ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ አለች። የፍልሰታ ሱባኤ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ሌላም ጊዜ ይቻላል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡም፤ ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት በንስሐ አባታችሁ በኩል አስጠይቁ። ስልካችሁን አጥፉ። ፎቶ ለማንሣት ከሆነ ሌላ ቀን ሂዱ።

አሁን ስለ ሌላው ሰው

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈውን የሀገራችንን ሰው አስቡ። የንግሥት ሕንደኬ ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ፊልጶስ ሮጦ ደረሰበት። ስብከት አልጀመረም፤ የሚያነበው ይገባው እንደሆነ ጠየቀው። ጃንደረባው ራሱ ወጥተህ ከእኔ ጋር ተቀመጥ ብሎ ለመነው። ፊልጶስም ሰውየው ግራ ከገባው ከዚያው ቃል ተነሥቶ ስለ ኢየሱስ ነገረው። ቅደም ተከተሉን ያዙልኝ፦ መጠየቅ፣ እስኪጋብዙ መጠበቅ፣ ከሰውየው ጥያቄ መነሣት። ብዙ ጊዜ እኛ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው።

እንግዳ ይዛችሁ ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሄዳችሁ እንበል። ጫማ ማውለቅን፣ ነጠላ መልበስን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ በር ላይ እንዳይሸማቀቅ። ቅዳሴ ላይ ከሆነ ዝም ብላችሁ አብራችሁት ቁሙ። ከዚያ ሥዕሉን ያይ። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሞላ ነው፤ እንግዳው መጠየቁ አይቀርም። ዓመተ ምሕረት መደርደር አያስፈልግም። የጠየቀውን መልሱ።

በጣና ገዳማት ከሚሳሉት አንዱ በላዔ ሰብዕ ነው። እንግዳ ሰው ይደነግጥበታል፤ «ሰው የሚበላ ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምን ይሠራል?» ይላል። ይህን ጥያቄ አትሽሹት። ያ ሁሉ ደም በእጁ ላይ ያለ ሰው፣ ለተጠማ ምስኪን በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ እንደሰጠና በእርሷ አማላጅነት ምሕረት እንዳገኘ ንገሩት። ከዚያ እናንተ ለምን እዚያ ግድግዳ ፊት እንደምትቆሙ ጨምሩ። እናንተም ምሕረት እንደምትፈልጉ ከልባችሁ ከነገራችሁት ብዙ ማስረዳት አያሻችሁም። የማታውቁትን ከጠየቀ «አባን እንጠይቃቸው» በሉ። መስቀል ተሳለም ብላችሁ አትግፉት። ራሱ ከቀረበ ይሳለም።

ሙስሊም ጎረቤታችሁ ጋር ደግሞ ክርክር አትክፈቱ። ለቅሶው ላይ ተገኙ፣ በዒድ እንኳን አደረሳችሁ በሉ፣ ሲታመም ጠይቁ። ሥጋችን ለየብቻ ስለሆነ በፋሲካ አንድ ገበታ መቅረብ ይከብዳል። በጾም ግን ሽሮውና ምስሩ ሁላችንንም ያገናኛል፤ ያኔ ጥሩት። አንድ ቀን ስለ ጾማችሁ ይጠይቃችኋል። በየዋህነት መልሱለት፤ እናንተም ስለ ረመዳን ጠይቁት።

ለተቸገረ ሰው ስትረዱ እርዳታውንና እምነቱን አታያይዙ። እህል ሰጥቶ ጥምቀት መጠየቅ ነውር ነው። የተራበ ሰው እምቢ ማለት አይችልም፤ የተገደደ ልብ ደግሞ ለእግዚአብሔር አይሆንም።

ከሁሉም የሚከብደው ከቤተ ክርስቲያን የራቀው የራሳችን ሰው ነው፤ ወንድም፣ አብሮ አደግ። «ምነው ጠፋህ» የሚለውን ወቀሳ ተዉት። ምን እንዳሳዘነው ጠይቁና እስከ መጨረሻው ስሙት። አንዳንዱ ያዘነው በእኛው ነው፤ ከሆነ ይቅርታ ጠይቁ። ስሜቱ ሲረጋ ቅዳሴ ሳይሆን የማለዳ ኪዳን ጸሎት ላይ ጋብዙት። አጭር ነው፤ ሰውም አይበዛም።

ሰው ራሱ «መጠመቅ እፈልጋለሁ» ካለስ? አትቸኩሉ። ወደ ካህን ውሰዱት፤ መጀመሪያ ትምህርት አለ፣ ጊዜ ይፈጃል። እናንተ ምናልባት የክርስትና አባት ወይም እናት ትሆኑ ይሆናል፤ ወንዱን ወንድ፣ ሴቷን ሴት ታነሣለች። ይህ የስም ጉዳይ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ወራት ብቻውን አትተዉት። ቅዳሴ ላይ አጠገቡ ቁሙ፤ ዲያቆኑ «ለጸሎት ተነሡ» ሲል፣ ስግደት ሲታዘዝ፣ ወንጌል ሲነበብ ምን እንደሚደረግ በጆሮው ንገሩት። የመጀመሪያዋን የረቡዕ ጾሙን በእናንተ ቤት ይፍታ። የንስሐ አባቱን ቁጥር ስልኩ ላይ አስመዝግቡት፤ እናንተም ሳምንቱን ሳታሳልፉ ደውሉለት።