ፒክአፓችሁ ሊማሊሞ ላይ ሲፈላ

መኪናው ጋለ ተብሎ ወዲያው ራዲያተር አይፈታም። መጀመሪያ የት እንደሚግል ልብ በሉ።

ቆሞ እየጋለ ሲሄድ የሚበርድ ከሆነ

ጎንደር አራዳ ላይ መንገዱ ሲጨናነቅ የሙቀት ጌጁ ይወጣል፤ ወደ አዘዞ ሲለቀቅ ይወርዳል። ጥርጣሬው ፋኑ ላይ ነው። ፋኑን የሚያዞረው ቺንጋ (ቀበቶ) ላልቶ ወይም ተሰነጣጥቆ እንደሆነ እዩ። ቺንጋው ደህና ከሆነ፣ ሞተሩ እንደጋለ አጥፉትና ፋኑን በእጅ ግፉት። ምንም ሳይከብደው የሚሽከረከር ከሆነ የፋኑ ክላች አልቋል፣ ይቀየር። በኤሌክትሪክ የሚዞር ፋን ላይ ግን እጃችሁን አታስገቡ፤ ሞተሩ ጠፍቶም ሊነሳ ይችላል።

አቀበት ላይ ብቻ የሚግል ከሆነ

ከዛሪማ ወደ ደባርቅ ስትወጡ ሞተሩ ይለፋል፣ ነፋሱ ግን ትንሽ ነው። ራዲያተሩ ከተደፈነ እዚህ ይታወቃል። በክረምት ጭቃ፣ በአውድማ ወራት ደግሞ እብቅና ገለባ የራዲያተሩ ቀጫጭን ክንፎች መሀል ይሰካል። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በቀስታ ውሃ እጠቡት። የመኪና እጥበት ቤት ኃይለኛ ውሃ ክንፎቹን ያጣምማቸዋል።

ጌጁ ብዙም ሳይወጣ የሚፈላ ከሆነ

የራዲያተሩን ክዳን ጠርጥሩ። ስንቱ ሰው ራዲያተር አስበይዶ ክዳኑን ዞር ብሎ አያየውም! ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ክዳን በሌለው ድስት ውሃ እዚህ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ደባርቅ ላይ ከዚያም ባነሰ። ሞተር ደግሞ ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ነው የሚሠራው፤ ብዙ ቴርሞስታት (ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው በር) የሚከፈተው 82 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው ክዳኑ የሚያፍነው ግፊት ነው። የግፊት ልኩ 0.9 ተብሎ የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን እዚህ ውሃውን እስከ 115 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ያቆየዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ግፊቱ ያመልጠዋል። ጠዋት ኮፈኑን ክፈቱ። የላይኛው የውሃ ቱቦ ተጨፍልቆ ካደረ ክዳኑ ከመጠባበቂያው ጠርሙስ ውሃ አልመለሰም ማለት ነው። ያው ቁጥር ያለው አዲስ ክዳን ግዙ። ሞተሩ እንደጋለ ግን ክዳን አትንኩ፤ ፊታችሁን ያቃጥላል።

ውሃው በየጊዜው የሚጎድል፣ ዘይቱም ወተት የሚመስል ከሆነ ነገሩ የቴስታታ ጋርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ነው። መኪናውን አቁሙና መካኒክ ጥሩ። ለሌላው ጊዜ ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ ሙሉ። የጉድጓድ ውሃ ውስጡን ድንጋይ ያደርገዋል።

ጠጠር ላይ የሚንኳኳ ከሆነ

ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር ደርሳችሁ ስትመለሱ ከሥር «ቋ፣ ቋ» ካለ፣ የባሌስትራውን (ከሥር ተደራርቦ የታሰረውን የብረት ቅጠል) ዩ-ቦልቶች አስጠብቁ። ርካሹ ጥገና እሱ ነው። ካልተወው ቡሾቹን አስፈትሹ። መኪናው ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ከቅጠሎቹ አንዱ ተሰብሮ ይሆናል። ጉብታ አልፎ ደጋግሞ የሚነጥር ከሆነ አሞርዛተሩ (ንጥረቱን የሚያበርደው) ነው፤ ገላው ላይ ዘይት ወርዶ አቧራ ይዞ ታገኙታላችሁ። ስትቀይሩ የግራና የቀኙን አንድ ላይ ቀይሩ። አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ ከሆነ መኪናው ኩርባ ላይ ይዋልላል።