የጥንታዊት ግሪክን የሸክላ ሥዕሎች እንዴት እናንብብ?

በጥንታዊ ግሪክ የሸክላ ዕቃ ላይ የተሣለው አፈ ታሪክ የትኛው እንደሆነ ለመለየት የሚሞክር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከባለታሪኮቹ ፊት ነው። ሆኖም ከፊት የሚገኘው ፍንጭ እጅግ ጥቂት ነው። የአቴና ሠዓሊዎች አማልክቱንም ጀግኖቹንም ተራውንም ሰው በአንድ ዓይነት የጎን ገጽታ ይሥሉ ስለነበር፣ ጢማሙ ሰው ዜውስም፣ ፖሲዶንም፣ ዲዮኒሶስም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እጅ የያዘውንና ገላ የለበሰውን ማስቀደም ይሻላል።

ከዚያም አስቀድሞ የዕቃውን ቅርጽ ይመልከቱ። ክራቴር ወይን ከውኃ ጋር የሚደባለቅበት አፈ ሰፊ ዕቃ ነው፤ ሃይድሪያ ባለ ሦስት እጀታ የውኃ እንስራ፣ ኪሊክስ ደግሞ ዝርግ የመጠጫ ዋንጫ ነው። ሌኪቶስ የሚባለው አንገተ ቀጭን የዘይት ዕቃ ነጭ መደብ ያለው ከሆነ ለመቃብር የተሠራ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ስለሆነ፣ በላዩ ላይ ጀልባ የያዘ ሰው ሲታይ ሙታንን የሚያሻግረውን ካሮንን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ቀጥሎ የሚታየው ቀለሙ ነው። በጥቁር ሥዕል ስልት ምስሉ ጥቁር፣ መደቡ ቀይ ሲሆን ዝርዝሩ በሹል መሣሪያ ይጫራል። የሴቶች ገላ ብዙውን ጊዜ ነጭ ስለሚቀባ ጾታን ከሩቅ መለየት ይቻላል። በአቴና ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ530 እስከ 520 ባለው ጊዜ ገደማ የቀይ ሥዕል ስልት ሲጀመር ግን መደቡ ጥቁር ሆኖ ምስሉ በሸክላው ቀለም ቀረ፤ ስለዚህ በነጩ ገላ መለየት በዚህ ስልት አይሠራም። በነገራችን ላይ፣ ጥቁሩ ተራ ቀለም አይደለም። እጅግ የላመና ብረት የበዛበት የሸክላ ጭቃ ሲሆን፣ እቶኑ በመካከል አየር ሲያጣ ዕቃው በሙሉ ይጠቁራል፤ አየር እንደገና ሲገባ ሌላው አካል ወደ ቀይነቱ ሲመለስ የተቀባው ክፍል ግን እንደ መስታወት ስለ ጠነከረ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ መለያዎቹ እንግባ። የአንበሳ ቆዳ የለበሰና ዱላ የያዘ ሄራክሌስ ነው፤ በእባብ የተከፈፈ የደረት ልብስ ለብሳ ጦር የያዘችው አቴና ናት፤ ባለ ክንፍ ጫማ ተጫምቶ የመልእክተኛ በትር የያዘው ሄርሜስ ነው፤ የወይን ሐረግና ዋንጫ የያዘው ዲዮኒሶስ ነው። በአንድ መለያ ብቻ መፍረድ ግን ያሳስታል። ቀስት አፖሎም፣ አርጤምስም፣ ሄራክሌስም ይይዛሉና ሁለት ምስክር ሳያገኙ ስም አይስጡ።

ባለታሪኩ ከታወቀ በኋላ ሠዓሊው ከታሪኩ የትኛውን ቅጽበት እንደመረጠ ይጠይቁ፤ ለእኔ የሥዕሉ ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። ሄራክሌስ የኤሪማንቶስን ከርከሮ ይዞ ሲመጣ የሚያሳዩ ብዙ ሥዕሎች አደኑን ትተው፣ በፍርሃት ትልቅ ጋን ውስጥ የተደበቀውን ንጉሥ ኤውሪስቴዎስን ያሳያሉ። ኤክሴኪያስ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ540 እስከ 530 ባለው ጊዜ ገደማ የሣለውና ዛሬ በቫቲካን የሚገኘው አምፎራ (ባለ ሁለት እጀታ ጋን) ደግሞ ከዚህም የረቀቀ ነው። የትሮይ ጦርነት ጀግኖች አኪሌስና አያክስ ጦራቸውን እንደያዙ ጎንበስ ብለው የገበታ ጨዋታ ይጫወታሉ፤ ከአኪሌስ አፍ «አራት»፣ ከአያክስ አፍ «ሦስት» የሚል ቃል ይወጣል። ጦርነት የለም፣ ደም የለም፤ ነገር ግን የአኪሌስን ሬሳ ከጦር ሜዳ ተሸክሞ የሚወጣው ይኸው አያክስ መሆኑን የሚያውቅ ተመልካች ሥዕሉን በጸጥታው አይለካውም።

በመጨረሻ ጽሑፉን ያንብቡ። ፊደላቱ ከቀኝ ወደ ግራም ሊሄዱ ስለሚችሉ ቃሉ አልገባ ሲል አቅጣጫውን ገልብጦ መሞከር ይጠቅማል። «ኤግራፕሴን» ሣለው፣ «ኤፖዬሴን» ሠራው ማለት ነው። «ካሎስ» ከሚለው ቃል ጋር የሚጻፈው ስም ግን በዘመኑ በውበቱ የሚወደስ ወጣት ስም ስለሆነ፣ የባለታሪኩ ስም አድርገው አይውሰዱት። ስም ማንበብ ለመለማመድ በፍሎረንስ የሚገኘውን፣ ኤርጎቲሞስ ሠርቶት ክሊቲያስ የሣለውን የ570 ቅድመ ልደት ክርስቶስ ገደማ ክራቴር የሚያህል የለም፤ ከ100 በላይ ጽሑፎች ያሉበት ሲሆን ምንጩና እንስራው እንኳ ስማቸው ተጽፎባቸዋል። አንዳንድ ዕቃዎች ላይ ግን ምንም ቃል የማይሰጡ የፊደል ድርድሮች ስለሚገኙ፣ በእነዚያ ላይ ጊዜ ማባከን አያስፈልግም።

ጽሑፍም መለያም ከሌለ፣ ከቤተሰቡ ተሰናብቶ የሚሄደውን ወታደር የትሮይ ጀግና የሆነው «ሄክቶር» ነው ብሎ መሰየም አይገባም። ስም የለሽ ወታደሮችና ሙሽሮች በእነዚህ ዕቃዎች ላይ ብዙ ናቸውና «ወታደር ሲሰናበት» ብሎ መመዝገቡ ትክክለኛ ንባብ ነው።