ሆሊን ከሰፈሩ ሰው ጋር እንዴት እናክብር?

ለትምህርት ወይም ለሕክምና ሰሜን ህንድ ሄዳችሁ በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት እዚያ ካላችሁ፣ ጎረቤት "ለሆሊ እኛ ጋ ኑ" ማለቱ አይቀርም። ሆሊ ሂንዱዎች ቀለም እየተቀባቡ የሚያከብሩት በዓል ነው። እሺ በሉ። ከሆቴል መስኮት ፎቶ ያነሳ ሰው ሆሊን አላየውም። በዓሉ ያለው ሰፈር ውስጥ ነው።

ቀኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። በሂንዱዎች አቆጣጠር ፋልጉን በሚባለው ወር ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ስለሚከበር በየዓመቱ ይለዋወጣል። በ2017 ዓ.ም. መጋቢት 5 ነበር የዋለው።

ብዙ እንግዳ ቀለሙን ብቻ ፈልጎ በማግስቱ ይመጣል። እናንተ ከዋዜማው ምሽት ጀምሩ። ሰፈሩ እንጨት ከምሮ እንደ ደመራ ያቃጥላል፤ ሆሊካ ዳሃን ይሉታል። ሂራኒያካሺፑ የተባለ ንጉሥ "እኔን ብቻ አምልኩ" ብሎ ነበር አሉ። የገዛ ልጁ ፕራህላድ ግን አምላኬን ቪሽኑን አልተውም አለ። እሳት አይነካትም የተባለችው የንጉሡ እህት ሆሊካ ልጁን ታቅፋ እሳት ውስጥ ተቀመጠች። እሷ ተቃጠለች፣ እሱ ተረፈ። ትልልቆቹን ታሪኩን ንገሩን በሏቸው። ደስ እያላቸው ነው የሚነግሯችሁ።

ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ፊታችሁንና ፀጉራችሁን የኮኮናት ዘይት ተቀቡ። ቀለሙ በቀላሉ ይለቃል። የማይቆጫችሁን ልብስ ልበሱ። የዓይን ሌንስ የምታደርጉ አውልቁት።

ቀለሙ ጉላል ይባላል፣ ደረቅ ዱቄት ነው። ከእርድ ወይም ከፓላሽ ዛፍ አበባ የተሠራውን ፈልጋችሁ ግዙ። በጣም ርካሹ የፋብሪካ ኬሚካል ሊኖረው ይችላል፣ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ።

ቤት ስትገቡ ከትልልቆቹ ጀምሩ። ጎንበስ ብላችሁ እግራቸው ላይ ትንሽ ጉላል አድርጉ፤ ይመርቋችኋል። እኩያችሁን ጉንጩን ቀባ አድርጉና እቀፉት። ልጆቹ ፒችካሪ በሚባል የውሃ መርጫ ማራሳቸው አይቀርም፣ መሸሽ ዋጋ የለውም። "ቡራ ና ማኖ፣ ሆሊ ሃይ" ይሏችኋል። "አትቀየሙ፣ ሆሊ ነው" ማለት ነው። ግን ይህንኑ ቃል ሽፋን አድርገው ሴቶችን ያለፈቃዳቸው የሚነካኩ አሉ። ይሄ ጨዋታ አይደለም፣ ነውር ነው። ጠይቃችሁ ቀቡ፣ እምቢ ያለውን ተዉት። እህቶቻችን ደግሞ ከሚያውቁት ቤተሰብ ጋር ቢሆኑ ይሻላል።

ከዚያ ምግብ ይመጣል። ጉጂያ ሳምቡሳ የሚመስል ጣፋጭ ነው፤ ውስጡ ውሃው እስኪያልቅ የተፈላ ወተት አለ። ሆሊ አብዛኛውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ስለሚውል፣ የምትጾሙ "ጾም ላይ ነኝ" ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ። ጾም ለእነሱም እንግዳ ነገር አይደለም። ታንዳይ የሚባል ቀዝቃዛ የወተት መጠጥም አለ። አንዳንዱ ላይ ከካናቢስ ቅጠል የሚሠራ ባንግ ይጨመርበታል። ሳትጠይቁ አንድም ጉንጭ አትጠጡ።

ከቀትር በኋላ ቀለሙ ይቆማል። ታጠቡ፣ ንጹሕ ልብስ ልበሱ፣ አረፍ በሉ። ማታ ቤተሰብ ከቤተሰብ ይጠያየቃል፣ ተኳርፎ የከረመም ይታረቃል። ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትግቡ፤ ከሰፈሩ ጣፋጭ ቤት ግማሽ ኪሎ ይበቃል።