ያሰምራሉ፣ ግን አያነቡም፦ የኅዳግ ማስታወሻ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ጎንደር ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ፤ 9ኛና 10ኛ ክፍል። ተማሪዎቼ ምንባብ ሲያነቡ እርሳስ ይዘው፣ እያሰመሩ፣ በኅዳጉ (በገጹ ጠርዝ ባዶ ቦታ) ጥያቄ እየጻፉ እንዲያነቡ ማስለመድ ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። ሲሳካ ደስ ይላል። የሚበላሽበት መንገድ ግን ብዙ ነው። እዚህ ያሰፈርኩት እኔን የገጠመኝን ነው፤ ከሚታየው ምልክት ተነስቼ ወደ መንስኤው፣ ከዚያም ወደ መፍትሄው።

ለማሳያ እንዲሆነኝ ለክፍሌ ያዘጋጀኋትን አጭር ምንባብ ልጠቀም፦

«አፄ ፋሲል ጎንደርን መዲናቸው ያደረጉት በ1628 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ነገሥታቱ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ በድንኳን ይኖሩ ነበር። ጎንደር ስትቆረቆር ግን ቤተ መንግሥቱ በድንጋይና በኖራ ቆመ፤ ዙፋኑም ረጋ።»

ምልክት፦ ገጹ ባዶ ነው

ሩብ ሰዓት ሰጥታችኋል፤ ገጹ ግን ከማተሚያ ቤት እንደወጣ ነው። «ሰነፍ» ለማለት አትቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ታዛዥ ስለሆነ ነው ያልጻፈው። መጽሐፉ የትምህርት ቤቱ ነው፤ ሰኔ ላይ ይመለሳል፤ የተጻፈበት ከሆነ ያስጠይቃል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት «በእርሳስ እኮ ነው፣ ይጠፋል» ብዬ አሳመንኳቸው። ሰኔ ላይ መጽሐፍ ተረካቢው ፊት ከተማሪዎቼ ጋር ላጲስ ይዤ ተሰለፍኩ። ላጲሱ እርሳሱን ብቻ ሳይሆን ፊደሉንም ይዞት ሄደ።

መፍትሄው ብጣሽ ወረቀት ነው። የደብተር ቅጠል ቁመቱን ተከትላችሁ ለሁለት እጠፉና ቅደዱት። አንዱን ብጣሽ ከገጹ ጠርዝ ጋር አስጠጉት፤ ከራስጌ እስከ ግርጌ ከመስመሮቹ ጎን ለጎን ይወርዳል። አናቱ ላይ የገጹ ቁጥር ይጻፋል። ማስመር የሚፈልገው መስመር ትይዩ ላይ አጭር ሰረዝ ያደርጋል፤ ከሰረዙ ቀጥሎ ቃሉን። ሲጨርስ እዚያው ገጹ ውስጥ ይተወዋል። አግራፍ ካለ ጥሩ፣ ከሌለም መጽሐፉ ራሱ ይይዘዋል። ለ60 ተማሪ 30 ቅጠል ይበቃል፤ ፎቶ ኮፒ ቤት መሄድ ቀረ።

ብጣሹ መመርመሪያም ነው። ብጣሽ ሲሰጠው የጻፈ ልጅ ችግሩ መጽሐፉ ነበር። አሁንም ባዶ ከሆነ አጠገቡ ተቀመጡና አንድ ዓረፍተ ነገር በለሆሳስ እንዲያነብላችሁ ጠይቁት። ፊደል ላይ የሚደናቀፍ ከሆነ ማስታወሻ የእሱ መድኃኒት አይደለም፤ መጀመሪያ ከጓደኛው ጋር ድምፅ አውጥቶ ማንበብ አለበት። አቀላጥፎ አንብቦ የማይጽፍ ከሆነ ግን ፍርሃት ነው። ስንት ዓመት ቀይ እስክሪብቶ ያየ ልጅ፣ መልሱን እርግጠኛ ያልሆነበትን ነገር ለምን ይጽፋል? ለዚህ የሠራልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ምንባቡን ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ እነሱ እያዩ፣ እኔ ያልገባኝን ጎኑ ላይ በጠመኔ መጻፍ። «ኖራው ከየት መጣ?» ብዬ ጻፍኩ፤ እውነትም አላውቅም ነበር። መምህር አለማወቁን ሲጽፍ ካዩ በኋላ እጃቸው ይፈታል።

ምልክት፦ ሁሉም ተሰምሯል

የዚህ ጥፋት የእኛ የመምህራኑ ነው። «ዋና ዋናውን እያሰመራችሁ አንብቡ» እንላለን። ገና ያልተነበበ ነገር ውስጥ ዋናው የቱ እንደሆነ ማን ያውቃል? ስለዚህ ልጁ ለጥንቃቄ ሁሉንም ያሰምራል። ሃይላይተር ያላቸውማ ገጹን እንደ አደይ አበባ ሜዳ ያደርጉታል።

የመጀመሪያው ንባብ ባዶ እጅ ይሁን፤ እርሳስ ጠረጴዛ ላይ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ስጡ፤ ለምሳሌ «ጸሐፊው ጎንደር ምን ለወጠች ይላል?» በሁለተኛው ንባብ ጥያቄውን የሚመልሰውን ብቻ ያሰምሩ። አንድ ሕግም ጨምሩ፦ ያለ ቃል መስመር የለም። ያሰመረው ሁሉ አጠገብ ለምን እንዳሰመረ ቢያንስ አንድ ቃል መጻፍ አለበት። መጻፍ ስለሚያደክም መስመሩ ራሱ ይቀንሳል።

ምልክት፦ ማስታወሻው ምንባቡን ይደግማል

ከባዱ ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝም። «ዙፋኑም ረጋ» ከሚለው ጎን «ዙፋኑ እንደረጋ ይገልጻል» ተብሎ ተጽፎ ታገኛላችሁ። መንስኤው ግልጽ ነው። ልጁ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ «ኖት» የሚያውቀው ከሰሌዳ የሚገለበጥ ነገር አድርጎ ነው። መገልበጥ ለመደ፤ አሁንም ይገለብጣል።

«የራስህን ሐሳብ ጻፍ» ማለት ምንም አልጠቀመኝም። የጠቀመኝ «አንድም» ነው። ጎንደር የአንድምታ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትን «አንድም» እያሉ የመተርጎም ትምህርት፣ አገር ናት። የመጻሕፍት ትርጓሜ «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» ተብሎ የተከፈለው እዚሁ ነው፤ ስሙም ከከተማዋ ላይኛውና ታችኛው ወገን የመጣ ነው። መምህሩ ንባቡን ያሰማል፣ ይፈታል፣ ከዚያ «አንድም» እያለ ሌላ ፍቺ ይጨምራል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይሽረውም፤ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ክፍሌ ውስጥ ቅኔ ቤት የቆዩ ሁለት ሦስት ልጆች አይጠፉም። እስከዚያ ቀን ድረስ ያ እውቀታቸው ለዘመናዊው ትምህርት ይጠቅማል ብሎ የነገራቸው ሰው ያለ አይመስለኝም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ተማሪው አንድ ቃል ወይም ሐረግ ይመርጣል፤ ብጣሹ ላይ ቀጥተኛ ፍቺውን ይጽፋል፤ ከሥሩ «አንድም» ብሎ ሌላ ይፈልጋል። «ረጋ» በሚለው ቃል ከአንድ ዴስክ ያገኘሁትን ልንገራችሁ፦

ረጋ፦ መዘዋወር አቆመ።
አንድም፦ በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ በሃይማኖት የተነሳው ጦርነት በረደ።
አንድም፦ እንደ ወተት። ወተት ሳይነካ ሲቀመጥ ነው የሚረጋው፤ ከተናጠ ይለያያል። ዘመነ መሳፍንት ሲመጣ ተናጠ።

ሦስተኛውን የጻፈው ልጅ ስለ ዘይቤ ሳስተምር ሁልጊዜ የሚተኛው ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ «አንድም» ያለ ሁሉ ልክ አይደለም። የትኛው ቃል ይህን እንዳስባለው በጣቱ ማሳየት ካልቻለ ይሰረዝ።

ምልክት፦ የአንድ ዴስክ ልጆች ማስታወሻ አንድ ዓይነት ነው

ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ይጽፋል፣ ሁለቱ ያያሉ። መቆጣት ትርፉ ድካም ነው። ሥራውን ከፋፍሉት፦ አንዱ የሚጠይቅ፣ አንዱ ከሚያውቀው ነገር ጋር የሚያገናኝ፣ አንዱ ከጸሐፊው ጋር የማይስማማ። በሚቀጥለው ምንባብ ይቀያየሩ። የማይስማማው ወንበር ላይ ለመቀመጥ ሲሻሙ ታያላችሁ።

ምልክት፦ በአማርኛ ይጽፋል፣ በሌላው ትምህርት ግን አይጽፍም

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አብዛኛው ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጁ ማስታወሻውም በእንግሊዝኛ መሆን ያለበት ይመስለዋል። አይደለም። የባዮሎጂው ገጽ በእንግሊዝኛ ይሁን፣ ብጣሹ በአማርኛ። ለባዮሎጂ መምህሩ አስቀድማችሁ ንገሩት እንጂ።

ምልክት፦ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይተዉታል

«ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» ከተባላችሁ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። እኔ በመጀመሪያ ያደረግኩት ማርክ መስጠት ነበር፦ ለ10 ማስታወሻ 5 ማርክ። የመጣልኝ አሥር የጥያቄ ምልክት ብቻ የተደረደረበት ብጣሽ ነው። ሕጉን አክብሯል፤ ምን እላለሁ?

መንስኤው የማርክ ማነስ ሳይሆን የጻፉት ነገር የትም አለመድረሱ ነው። ሰብስበን ራይት አድርገን እንመልሳለን፤ አለቀ። አሁን ሁለት ነገር አደርጋለሁ። የክፍል ፈተና ላይ ብጣሻቸውን ይዘው እንዲገቡ እፈቅዳለሁ፤ በደንብ የጻፈ ይጠቀማል፣ ያልጻፈ በሚቀጥለው ይጽፋል። በተጨማሪም የእያንዳንዱን ቀን ትምህርት ከባለፈው ቀን ብጣሽ በወሰድኩት አንድ ማስታወሻ እጀምራለሁ፤ ስም ሳልጠራ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ።

አንድ ጊዜ የጻፍኩት አንዲት ከእንፍራዝ የመጣች ልጅ «በድንኳን ይኖሩ ነበር» ከሚለው ትይዩ ያስቀመጠችውን ነው። አንድ ቃል ነበር፦ «ጉዛራስ?» የጉዛራ ግንብ ከእነሱ መንደር ብዙም አይርቅም፤ ያሠሩት ደግሞ ከፋሲል በፊት የነገሡት አፄ ሠርፀ ድንግል ናቸው ይባላል። ክፍሉ ተንጫጫ። ሌላው ተነስቶ አፄ ሱስንዮስ ጎርጎራ ላይ ያሠሩትን ቤተ መንግሥት ጨመረ። ምንባቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የምመልሰው አልነበረኝም። አሁን ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር «አብዛኛውን ጊዜ በድንኳን» ይላል።