ነርሲንግ ሆም ውስጥ ወንጀል ስታዩ ከፖሊስ ጋር እንዴት ትሠራላችሁ?

አሜሪካ ውስጥ በነርሲንግ ሆም ወይም በሰው ቤት እየተዘዋወራችሁ አረጋውያንን የምትንከባከቡ ከሆነ፣ ይዋል ይደር እንጂ ዝም ብላችሁ ልታልፉት የማይገባ ነገር ይገጥማችኋል። ክንዳቸው ላይ የጣት ምልክት የመሰለ ጥቁረት የወጣባቸው እናት፣ ከጣታቸው የጠፋ የጋብቻ ቀለበት፣ ቆጠራው የማይገጥም የሞርፊን ክኒን። የኛ ሰው እንዲህ ሲሆን የሚያውቀው ሁለት መንገድ ነው፦ "ምን አገባኝ፣ እንጀራዬን ልብላ" ወይም "ለሱፐርቫይዘሯ ነግሬያታለሁ፣ ከዚያ ወዲያ የሷ ጉዳይ ነው"። ሁለተኛው የተሻለ ይመስላል እንጂ በሕግ ፊት ከመጀመሪያው ብዙም አይርቅም። እኔ ነርስ ነኝ፣ ጠበቃ አይደለሁም፤ የምጽፈው ራሴ ፖሊስ ፊት ቀርቤም፣ የቀረቡ ባልደረቦቼን አጅቤም ያወቅሁትን ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

1. መጀመሪያ ለማን እንደምትናገሩ ለዩ

ሰው አሁኑኑ አደጋ ላይ ከሆነ 911 ደውሉ። ሱፐርቫይዘር ፍለጋ ኮሪደር ለኮሪደር መዞር አያስፈልግም።

ነገሩ ካለፈ በኋላ ከሆነና የምትሠሩት ነርሲንግ ሆም ከሆነ፣ በ2010 የወጣው ኤልደር ጀስቲስ አክት የሚባለው የፌዴራል ሕግ ይመለከታችኋል። ሕጉ ግዴታውን የጣለው በድርጅቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ ሠራተኛ ላይ ነው፤ በኤጀንሲ ተልካችሁ ለአንድ ሺፍት የገባችሁም አትቀሩም። በነዋሪ ላይ ወንጀል ተፈጽሟል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ፣ ከባድ የአካል ጉዳት ካለ ቢበዛ በ2 ሰዓት፣ ከሌለ በ24 ሰዓት ውስጥ ለሁለት ወገን ታሳውቃላችሁ፦ ለአካባቢው ፖሊስ እና ነርሲንግ ሆሞችን ለሚቆጣጠረው የስቴቱ መሥሪያ ቤት። ሕጉ ሲወጣ ዝም ላለ ሰው ያስቀመጠው ቅጣት እስከ 200,000 ዶላር ነበር፤ ዝምታው ጉዳቱን ካባባሰ ደግሞ እስከ 300,000። የሚፈለገው ምክንያት ያለው ጥርጣሬ እንጂ የተጣራ ማስረጃ አይደለም። "ላረጋግጥ" እያሉ ሦስት ቀን መቆየት ጨዋነት ሊመስል ይችላል፣ ሰዓቱ ግን ይቆጥራል።

ሁለቱንም ወገን አንድ ላይ አሳውቁ የምለው ግዴታ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በ2009 ምዕራብ ቴክሳስ፣ ዊንክለር ካውንቲ ውስጥ ሁለት ነርሶች ስለ አንድ ሐኪም አሠራር ለስቴቱ የሐኪሞች ቦርድ ስማቸውን ሳይገልጹ ጻፉ። የካውንቲው ሸሪፍ ለሐኪሙ ወዳጅ ነበርና ደብዳቤውን ማን እንደጻፈው አጣርቶ ደረሰባቸው፤ ሥራቸውን አጡ፣ ጭራሽ በወንጀል ተከሰሱ። የአንደኛዋ ክስ ተነሣ፣ ሌላዋ በ2010 ዳኞቹ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነፃ አሏት፤ ሁለቱ በ750,000 ዶላር ካሳ ተስማሙ፣ በ2011 ደግሞ ሸሪፉ ራሱ ተፈረደበት። ትንሽ ከተማ ውስጥ ፖሊሱና የድርጅቱ ባለቤት አብረው ዓሣ የሚያጠምዱ ሊሆኑ ይችላሉ። ስቴቱ ፋይል ከከፈተ ግን የከተማው ወዳጅነት ነገሩን ብቻውን ሊቀብረው አይችልም።

በሰው ቤት የምትሠሩ ከሆነ ይህ የፌዴራል ሕግ አያገኛችሁም፣ የየስቴቱ ሕግ ግን ብዙ ጊዜ ያገኛችኋል። ፖሊስ የሚያስጠራ ወንጀል ከሆነ ፖሊስ፣ ከዚያ ጋር አዳልት ፕሮቴክቲቭ ሰርቪስስ (በአረጋውያንና ራሳቸውን መጠበቅ በማይችሉ አዋቂዎች ላይ የሚደርስ በደልን የሚከታተለው መሥሪያ ቤት)። የአካባቢያችሁን ቁጥር ካላወቃችሁ 1-800-677-1116 ደውላችሁ ጠይቁ።

ገንዘብ ነክ ማጭበርበር ለብቻው ነው። ያልሄዳችሁበትን ቤት ሄዳችኋል ብሎ ሜዲኬይድን (የመንግሥቱን የጤና መድን) የሚያስከፍል ቢሮ፣ ያልሠራችሁትን ሰዓት ፈርሙ የሚል ባለቤት። ይህን ይዛችሁ የሰፈር ፖሊስ ጣቢያ ብትሄዱ የሚሰማችሁ ሰው ማግኘታችሁን እጠራጠራለሁ። ቦታው የስቴቱ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የሜዲኬይድ ማጭበርበር መርማሪ ክፍል ወይም የፌዴራሉ የጤና ሚኒስቴር ዋና ኢንስፔክተር ስልክ፣ 1-800-447-8477 ነው። ከሁለቱም በፊት ግን ጠበቃ። ምክንያቱም ፎልስ ክሌምስ አክት በሚባለው ሕግ ጠቋሚው ራሱ በመንግሥት ስም በምስጢር ክስ መክፈት ይችላል፤ ከተሳካ ከሚመለሰው ገንዘብ ከ15 እስከ 30 በመቶ ይደርሰዋል፣ ቀድሞ የከሰሰ ነው የሚያገኘው። ሌላው ምክንያት የበለጠ ያሳስበኛል፦ በዚያ የሐሰት ወረቀት ላይ እናንተም ፈርማችሁ ከሆነ፣ ያለ ጠበቃ ለመርማሪ አንድ ቃል እንዳትናገሩ።

የጠበቃን ጥቅም የሚጠራጠር የሚሺጋኑን የካንሰር ሐኪም የፋሪድ ፋታን ጉዳይ ይመልከት። ካንሰር ለሌለባቸው ሰዎች ሳይቀር ኬሞ ይሰጥ ነበር። በ2010 አንዲት ነርስ ለስቴቱ ጽፋ ነበር፤ ጥፋት አልተገኘም ተብሎ ተዘጋ። በ2013 የዚያው ክሊኒክ ሥራ አስኪያጅ በጠበቃ በኩል ለፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ሲያመለክት ግን ሐኪሙ በቀናት ውስጥ ተያዘ፤ በ2015 የ45 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

2. የዛኑ ሌሊት ጻፉ

ቤት ገብታችሁ ሻወር ከመውሰዳችሁ በፊት፣ በእጅ፣ ተራ ደብተር ላይ። የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተርና ኢሜይል አይነካ። "ሌባ ናት" ብላችሁ አትጻፉ። "ማክሰኞ ጠዋት 6:50 ኤኤም ርክክብ ላይ፣ የክኒኑ ካርድ 22ኛ ጉድጓድ ከኋላው በፕላስተር ተለጥፎ አየሁ፤ አብራኝ የቆጠረችው እገሌ ናት" ብላችሁ ጻፉ።

ስለዚህ ካርድ ካነሣሁ አይቀር ለአዲስ ነርሶች ልንገራችሁ፤ ክኒኖቹ እያንዳንዳቸው በየጉድጓዳቸው ከኋላ በፎይል ታሽገው የሚመጡበት ካርድ ነው። ካርዱን ከፊት ስታዩት ሁሉም ጉድጓድ ክኒን አለበት፣ ቆጠራውም ይገጥማል፣ ሁለታችሁም ፈርማችሁ ትለያያላችሁ። ገልብጡት። የኋላው ፎይል በጥፍር ተሰንጥቆ በስስ ፕላስተር ተመልሶ ተለጥፎ ከሆነ፣ ውስጥ ያለው ኦክሲኮዶን (ጠንካራው የሕመም ማስታገሻ) ላይሆን ይችላል፤ መጠኑም ቀለሙም የሚመስለው ርካሽ ክኒን ነው። ፈንታኒል ፓችም (ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ማስታገሻ) እንዲሁ ነው፦ በወረቀት ላይ ትናንት ተለጥፏል፣ የሰውዬው ትከሻ ላይ ግን የሙጫው አራት ማዕዘን ምልክት ብቻ ይቀራል። ይህን የሚያይ ዓይን ያለው እዚያ የሚሠራ ሰው ነው፣ ፖሊስ አይደለም።

ቻርት (የሕመምተኛው መዝገብ) ላይ የምትጽፉት በዓይናችሁ ያያችሁትን ብቻ ነው፦ የቁስሉ መጠን፣ ቀለም፣ ቦታ። ክስ አይጻፍበትም።

3. የሕሙማን ምስጢር (አስቸጋሪው ይህ ነው)

ሰው ሁሉ የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ በሁለት ተቃራኒ መንገድ። አንዱ "ሂፓ (የሕሙማንን ምስጢር የሚጠብቀው የፌዴራል ሕግ) ስላለ ለፖሊስ መናገር አይቻልም" ብሎ ዝም ይላል። ሌላው ደግሞ ለጥሩ ነገር ነው ብሎ ያገኘውን ሁሉ በስልኩ ፎቶ ያነሣል።

አንዲት ባልደረባዬ ሁለተኛውን አደረገች። የአንድ አረጋዊ ወገብ ላይ ያየችውን ሰምበር ፎቶ አንሥታ "ይሄ መውደቅ ይመስልሻል?" ብላ ለጓደኛዋ በቫይበር ላከችው። ጓደኛዋ ለሌላ ሰው አሳየች። ሳምንት ሳይሞላ ባልደረባዬ ቢሮ ተጠራች፤ ከዚያች ቀን በኋላ ስለ ሰምበሩ የጠየቀ ሰው የለም፣ ወሬው ሁሉ ስለ ስልኳ ሆነ። ሥራዋን አጣች፣ ላይሰንሷም ለምርመራ ተላከ። ድርጅቱ ከዚያ የተሻለ መከላከያ ሊያገኝ አይችልም ነበር።

እንግዲህ ሕጉ የሚለው ይህን ነው። የሂፓ ደንብ ለጠቋሚ የተለየ በር ከፍቷል፦ ሠራተኛ በቅን ልቦና ሕገወጥ ሥራ ወይም ሕሙማንን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ተፈጽሟል ብሎ ካመነ፣ የሕመምተኛ መረጃ ለጤና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ወይም ራሱ ላማከረው ጠበቃ መስጠት ይችላል። ዝርዝሩን ደጋግማችሁ ብታነቡት ፖሊስ እዚያ ውስጥ የለም። ፖሊስ የሚገባው በሌላ በር ነው፦ ወንጀሉ የተፈጸመው በእናንተው በሠራተኛዋ ላይ ከሆነ፣ ወይም እንደ ኤልደር ጀስቲስ አክት ያለ ሕግ ራሱ ለፖሊስ ንገሩ ብሎ ካዘዘ። ስለዚህ ነርሲንግ ሆም ውስጥ የተመታ ወይም የተሰረቀ ሰው ስታዩ ስሙን፣ ክፍሉን፣ ያያችሁትን፣ የጠረጠራችሁትን ሰው ለፖሊስ ስትናገሩ ሂፓን አልጣሳችሁም። ሱፐርቫይዘሯ "ሂፓ ነው" ብላ ብታስፈራራችሁ አትደንግጡ።

ከዚህ አልፎ ቻርት ኮፒ ማድረግ፣ የናንተ ያልሆነ ሕመምተኛ ፋይል ከፍቶ ማየት፣ የቆጠራ ወረቀት ቦርሳ ውስጥ ከቶ መውጣት፣ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ኮምፒውተሩ ማን ምን እንደከፈተ ይመዘግባል። ፖሊስ ወረቀቱን ከፈለገ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስመጣዋል፤ እናንተ የምትነግሩት የትኛውን ወረቀት መጠየቅ እንዳለበት ነው። "የመጋቢትን ርክክብ ቆጠራ፣ የመድኃኒት መሳቢያውን የመክፈቻ መዝገብና የሺፍት ስም ዝርዝሩን አምጡ፣ ሦስቱን አንድ ላይ አስተያዩ" ማለት ከመቶ ፎቶ ይበልጣል።

ይህን በተግባር ያሳየችው ኒው ጀርሲ ውስጥ ነርስ የነበረችው ኤሚ ሎረን ናት። በ2003 መርማሪዎች ባልደረባዋን ቻርለስ ከለንን ሕሙማንን በመድኃኒት ገድሏል ብለው ጠርጥረው ነበር፤ ነርሶች መድኃኒት የሚያወጡበት ማሽን የመዘገበው ዝርዝር በእጃቸው እያለ ግን ምን እንደሚል ሊያነቡት አልቻሉም። እሷ አየችው፦ ሰውየው መድኃኒት ያዝዛል፣ ወዲያው ይሰርዛል፣ ግን መሳቢያው ተከፍቷል። በኋላም በመርማሪዎቹ አመራር ድምፅ መቅጃ አድርጋ አነጋገረችው። ከለን የ29 ሰው ነፍስ ማጥፋቱን አምኗል።

4. ፖሊሱ ፊት

መጀመሪያ የሚመጣው ተራ ጠባቂ ፖሊስ ነው፤ ናርኮቲክ ቆጠራ ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላልና ከአልፋ ጀምሩለት። የኬዝ ቁጥር ሳትቀበሉ አትለያዩ፤ ስሙንና የባጅ ቁጥሩንም ጻፉ። "ይሄ የውስጥ ጉዳይ ነው" ካለ በትሕትና ሪፖርቱ እንዲመዘገብ ጠይቁ፣ ዲቴክቲቭም እንዲደርሰው።

እንግሊዝኛችሁ ለሥራ ቢበቃም አስተርጓሚ ጠይቁ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በ2004 የወጣ የቋንቋ ሕግ አለ፣ አማርኛም ከዋናዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ሌላም ከተማ ብትሆኑ ብዙ ጊዜ በስልክ ያገናኟችኋል። ልጃችሁን ወይም የሥራ ጓደኛችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። አስተርጓሚው ሲመጣ ደግሞ ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። አንዱ ባልደረባችን "ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት" አለ፣ አስተርጓሚው "ናይን" ብሎ አለፈ። የተጠረጠረው ሰው ሺፍት የሚጀምረው ማታ በፈረንጆቹ 11:00 ላይ ነው፤ ስለዚህ በወረቀቱ መሠረት ድርጊቱን ያየው ሰውየው ሕንፃው ውስጥ በሌለበት ሰዓት ነው። እስኪስተካከል ድረስ ምስክርነቱ ዋጋ አልነበረውም። "ኤኤም" "ፒኤም" ብላችሁ ራሳችሁ ተናገሩ፣ ከመፈረማችሁ በፊትም የተጻፈው ይነበብላችሁ።

ያላያችሁትን "አላየሁም"፣ የሰማችሁትን "ከእገሌ ሰማሁ" በሉ። ታሪኩን ለማሳመር አንድ ነገር ብትጨምሩ የተከሳሽ ጠበቃ የሚይዘው እሷን ነው፤ ለፖሊስ መዋሸትም ራሱ ወንጀል ነው።

"ስሜ አይወጣም?" ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። መርማሪው በምርመራው ጊዜ ሊጠነቀቅላችሁ ይችላል፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰና ምስክር ከሆናችሁ ግን ተከሳሹ ፊት ለፊት ሊያስጠይቃችሁ መብት አለው። "ማንም አያውቅም" የሚል ፖሊስ ካጋጠማችሁ ቃሉን አትመኑት። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ የሚያሳስባችሁ ደግሞ ቀድማችሁ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አነጋግሩ፤ ዩ ቪዛ የሚባለው ለወንጀሉ ተጎጂ እንጂ አይቶ ለመሰከረ ሁሉ የሚሰጥ አይደለም።

በራሳችሁ ፈቃድ ድምፅ አትቅረጹ። ቨርጂኒያና ዲሲ ከተነጋጋሪዎቹ የአንዱ ፈቃድ ይበቃል፤ ድልድዩን ተሻግራችሁ ሜሪላንድ ስትገቡ የሁሉም ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ያለዚያ ወንጀለኛዋ እናንተ ናችሁ። ሎረን የቀረጸችው ፖሊስ አዟት ነው።

5. ከዚያ በኋላ

ሰውየውን ራሳችሁ አትጠይቁ፣ "ደርሼብሃለሁ" አትበሉት። ቡና ላይም፣ ማኅበር ላይም፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢም አይወራ፤ የኛ ሰው ትንሽ ነው፣ ወሬው ከዲቴክቲቩ ቀድሞ ይደርሳል። የተጠረጠረው አገር ልጅ ከሆነ ሽማግሌ መምጣቱ አይቀርም፦ "ልጆች አሏት፣ ይቅር በሏት፣ ቃላችሁን መልሱ"። ሽማግሌዎቹ በቅንነት ነው የሚመጡት፤ አሜሪካ ውስጥ ግን ምስክርን ቃልህን ለውጥ ብሎ መጫን ወንጀል ነው፣ ይህንንም በአክብሮት ንገሯቸው። በር ላይ ተቀብላችሁ፣ ቡና አጠጥታችሁ፣ "ነገሩ ከእጄ ወጥቷል" ብላችሁ ሸኙ። ማስፈራራት ያለበት ከሆነ ለዲቴክቲቩ ደውሉ።

ሥራ ላይ በቀጥታ የሚያባርራችሁ ብዙ ጊዜ የለም። ሰዓታችሁ ይቀነሳል፣ ዊኬንድ ብቻ ይሰጣችኋል፣ ለአምስት ዓመት ያልመጣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በአንድ ወር ሁለት ይመጣል። የድሮውንና የአዲሱን ሺፍት ፕሮግራም ጎን ለጎን አስቀምጡ፣ የስልክ መልእክት አታጥፉ፣ ቶሎ የሥራ ጉዳይ ጠበቃ ጋ ሂዱ፤ አንዳንዱ አቤቱታ 30 ቀን ብቻ ነው ያለው። ኤልደር ጀስቲስ አክት ሪፖርት ያደረገን ሠራተኛ የሚበቀል ድርጅት ላይ ቅጣት አለው፤ ፎልስ ክሌምስ አክት ደግሞ ወደ ሥራ መመለስንና ያልተከፈለ ደመወዝን እጥፍ ይፈቅዳል።

ፖሊስ ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ ጭራሽ ሳይከስስም ሊዘጋው ይችላል። የስቴቱ ተቆጣጣሪዎች ግን መጥተው ጥፋት ካገኙ ቁጥር 2567 በሚባለው ቅጽ ላይ ይጽፉታል፤ ነርሲንግ ሆሙም የቅርቡን የቁጥጥር ውጤት ነዋሪና ቤተሰብ በሚያነበው ቦታ የማስቀመጥ ግዴታ አለበት። አብዛኛውን ጊዜ መግቢያው አካባቢ ክላሰር ውስጥ ነው፤ ማንንም ሳትጠይቁ ማንበብ ትችላላችሁ።