ዋልካ ላይ ለተተከለ ወይን ዩሪያ ከመስጠትዎ በፊት

አቃቂ ዳር፣ ከቤቴ ጀርባ 40 እግር ወይን አለኝ። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሲገባ ውሃ አላሳልፍ ይላል። የዛሬ ሦስት ዓመት ሐምሌ ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆንብኝ ማዳበሪያ ያነሰው መስሎኝ 10 ኪሎ ዩሪያ በመደዳዎቹ መሃል በተንኩ። የዚያን ሌሊት ዝናቡ ወረደ፤ ውሃው አራት ቀን ተኛ። ቅጠሉ ግን ያው ቢጫ። ሥሩ አየር አጥቶ ታፍኖ ነበር እንጂ ምግብ አላጣም።

ዩሪያዬ የት ገባ? ከፊሉን ጎርፍ ወሰደው። አፈሩ ውሃ ሲሞላ ደግሞ ኦክስጅን ያጡ ባክቴሪያዎች ዩሪያው አፈር ውስጥ ተለውጦ የሚሰጠውን ናይትሬት እየሰባበሩ ወደ ጋዝ ይቀይሩታል። አንዱ ናይትረስ ኦክሳይድ ነው፤ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ሙቀት ያምቃል። ከዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። በተለመደው ግምት ከናይትሮጅኑ 1 በመቶ ብቻ እንዲህ ቢወጣ፣ የእኔ 10 ኪሎ 20 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደመልቀቅ ነው። ናይትረስ ኦክሳይዱ ከአፈር ሲወጣ አይታይም፣ አይሸትም። ዩሪያ ሲበተን አፍንጫ የሚሰነፍጠው አሞኒያ ነው፣ ሌላ ነገር።

ስለዚህ አስቀድመው ውሃውን ያስወጡ። ግንቦት ላይ ቁልቁለቱን ተከትለው በመደዳዎቹ መካከል ቦይ ይቅደዱ፤ የእኔ አንድ ክንድ ስፋት፣ አንድ ስንዝር ተኩል ጥልቀት አለው። አፈሩን ወደ ወይኑ መደብ ይመልሱ፣ ግንዱን ግን አይቅበሩ። መውጫውንም የጎረቤት ማሳ ላይ አይልቀቁ።

ከዚያ ከግርጌው አንድ ስንዝር ቆፍረው አፈር ይጨብጡ። በጣትዎ መካከል እንደ ሊጥ ከሾለከ ዩሪያውን ወደ ቤት ይመልሱት። ተድቦልቡሎ በአውራ ጣት ሲጫኑት ከፈረሰ፣ ጊዜው ነው። በአንዴ አይጨርሱት፤ በሦስት ዙር ከፍለው፣ ከግንዱ ራቅ አድርገው፣ አፈር አልብሰው ይስጡ።

ፍግም ናይትሮጅን አለው፤ ከሰጡ ከዩሪያው ይቀንሱ፣ ብዙ ሰው ይህን ይረሳል። ጉድጓድ ውስጥ ረጥቦ ከታፈነ ሚቴን የሚባል ሌላ ሙቀት አማቂ ጋዝ ያወጣልና ከመሬት በላይ ከምረው፣ ገለባ ቀላቅለው ያገላብጡት። የተገረዘውን ቅርንጫፍ፣ በሽታ ከሌለበት፣ አያቃጥሉ፤ በገጀራ ከትክተው ግርጌው ላይ ያንጥፉት።

ዘንድሮ የመጀመሪያውን ዩሪያ የሰጠሁት መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። በሦስቱም ዙር ተደምሮ 4 ኪሎ።